የነጣችው የባሕር አበባህ

ሆዴ አንዳርጌ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ይኸው ሁለተኛው አደይ ፈነዳ። ሙት ዓመትህ እንደ ወጉ ወጥቷል፤ ካህናቱም ድሃውም በልቶ ጠጥቶ ነው የሄደው፤ በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባህ። ብዕር ያነሳሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። ከምጽዋ ያመጣሃት የባሕር አበባህ ልትሞት ነበር። ማን ሊገድላት እንደፈለገ እስከ ዛሬ ልቤ አልቆረጠም። አንድ ጊዜ እህትህን እጠረጥራለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ይቅር በለኝና፣ አንተን።

ያመጣሃትን ዕለት መቼም አልረሳውም። ደረትህን አሞህ የወደቡን ሥራ ትተህ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ሻንጣህን ይጠብቅ ነበር። አንተ ግን ከሹፌሩ ከሐጎስ መኪና ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ቆርቆሮ እንደ ጡት ልጅ ታቅፈህ ወረድክ። ውስጡን ባየው ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ጭቃ የመሰለ ነገር ነው። ይችን ብለህ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጥከው ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ አልተቆጣህም። የመስተዋት ሳጥን በገዛ እጅህ ሠርተህ፣ ሐጎስ ዳሚጃን በሚሉት ትልቅ ጠርሙስ የጫነልህን የባሕር ውሃ ሞልተህ አስቀመጥካት። በማግስቱ ጠዋት ጠርተህ ስታሳየኝ ተከፍታ ነበር። ቡናማ ጣቶቿ ጫፍ ጫፋቸው ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ነፋስ እንዳገኘው ጤፍ ይወዛወዛሉ። አበባ ናት ስልህ፣ እንስሳ ናት አልከኝ። የጥፍር ያህል ጉበት ስትሰጣት ጣቶቿን ሰብስባ ዋጠችው። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ቀስ እያልክ ግን አለማመድከኝ። ውሃው ሲተን ጨው አይተንምና የጎደለውን በዝናብ ውሃ መሙላት፣ ጠዋትና ማታ በብስክሌት መንፊያ አየር መንፋት፣ ከምሥራቁ መስኮት አለማራቅ። ወደብ ላይ የባሕር ነገር የሚያጠና አንድ ፈረንጅ የነገረህንም አጫወትከኝ። ቀለሟ የራሷ አይደለም፤ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ነገሮች በገላዋ ውስጥ እየኖሩ ከብርሃን ምግብ ይሠሩላታል፤ ብርሃን ካጡ ወይም ውሃው ካልተስማማቸው ጥለዋት ይወጣሉ፤ ያኔ ነጥታ በረሃብ ትሞታለች። ይህን ስትነግረኝ ከልቤ አልሰማሁህም ነበር። ጎረቤቱ የአንዳርጌ ሚስት ሥጋ የሚበላ አበባ ታረባለች እያለ ሲያማኝ ነበር ይበልጥ የምሰማው። አንተ ትስቅ ነበር። አንተ በሕይወት እያለህ ሐሜቱ ሳቅ ነበር።

ስታርፍ ቤቱ በሐዘንተኛ ተጨናነቀ። ከቡሬም ከማንኩሳም ዘመድ ጎረፈ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አላየሁም። ታላቅ እህትህ እትዬ አትጠገብ ነበሩ ቤቱን የያዙት። አርባህ ከወጣ በኋላ ነው ሳጥኗ ከመስኮቱ እንደሌለች ዓይኔ ያየው። ጓዳ፣ ከእህል ጎታው ጀርባ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍና አገኘኋት። ስገልጠው ውሃው ይሸታል። እሷ እንደተነደፈ ጥጥ ነጥታ፣ ጣቶቿ ኮስሰው፣ አፏ ተከፍቶ ቀርቷል። የሞተች መስሎኝ በጣቴ ብነካት በጣም ቀስ ብላ ያዝ አደረገችኝ። አርባ ቀን ሙሉ ሳለቅስህ የኖርኩት ሴት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ነው እንደ አዲስ የጮኽኩት።

እትዬ አትጠገብን ጠየቅኋቸው። ሰው ሲበዛ እንዳይሰብረው ብዬ ነው ያነሳሁት አሉ። ብርድ ልብሱስ ስላቸው ተነስተው ወደ ደጅ ወጡ። የሰው ዓይን ፈርቼ ብርድ ልብሱን ብቻ ገፍፌ እዚያው ጓዳ ተውኳት፤ እሳቸውን ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አላመንኳቸውም። ለልቅሶ ከመጡት ሴቶች ጋር ሆነው ወንድሜን የበላው ይኼ ነገር ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቡሬ ቤት ንብረት እያላቸው እኔ ዘንድ የሰነበቱበትም ምክንያት አልገባኝም። የጠበል ጠርሙሳቸው በየጊዜው ይጎድላል፤ እሳቸው ይጠጡት እሷ ላይ ያፍስሱት አላውቅም። ውሃውን በምላሴ እየቀመስኩ መሰለል ጀመርኩ። በክዳኑ ላይ ቀጭን የጥጥ ፈትል አሰርኩና ከቤት ወጣሁ። ስመለስ ፈትሉ ተበጥሷል። ደግሜ አሰርኩት፤ ደግሞ ተበጠሰ።

ሐጎስንም ሳይቀር ጠረጠርኩት። አዲስ ውሃ ጭኖ ሲመጣ፣ ይህን ያህል አገር ከሚደክም ከአባይ ቀድቶ ጨው በጥብጦበት ይሆናል ብዬ እፊቱ ውሃውን ቀመስኩት። ሳቀና "እመቤቴ፣ እኔ አንዳርጌን አላታልልም" አለኝ። የባሕር ምሬት ነበረው። እሱን ተውኩት።

ነገሩ የፈነዳው በሁዳዴ ነው። የማኅበር ጽዋ ተራዬ ደርሶ ሳለ ሴቶቹ እኔ ቤት እንደማይጠጡ ላኩብኝ። ባሏን ያስበላች፣ በጾም ጉበት የምትቀልብ ተባልኩ። ጉበቱንስ ትቼ ከላህ ወንዝ በምትወጣ ትንሽ ዓሣ ነበር የያዝኳት፤ ማን ይስማኝ? የንስሐ አባታችን አባ ክንፈ ሊያስታርቁ መጡ። እኔም እፊታቸው እትዬ አትጠገብን ያዝኳቸው።

"እርስዎ ነዎት ሊገድሏት የሚገቡት። ፈትሉን ማን በጠሰው?" አልኳቸው።

እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው መሬት መሬት አዩ። "እኔ ነኝ የበጠስኩት። ሞታ እንደሆነ ለማየት እገባለሁ፤ በገባሁ ቁጥር ጣቷን ታወዛውዝልኛለች።"

"ለምን ሞቷን ይጠብቃሉ?"

"ወንድሜ አዞኝ ነዋ!" አሉ፤ እንባቸው መጣ። "አንቺ ገበያ የወጣሽ ቀን ጠራኝ። እኔ ካለፍኩ ያችን ነገር ከቤት አውጪልኝ፤ አሁን የሚስቁ ሰዎች ሚስቴን ብቻዋን ሲያገኟት ስም ያወጡላታል አለኝ። እሺ አልኩት። ደፍቼ ልጥላት ሳነሳት ግን እሱ የነካካት ናት፣ እጄ እንቢ አለኝ። በጨለማ ራሷ ትሙት ብዬ ሸፈንኳት። እሷም እንቢ አለች።"

አባ ክንፈ ሳጥኗን አሳዩኝ አሉ። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። "ባሕሩን የፈጠረ ነው ይችንም የፈጠራት። ከጓዳ አውጧት። ሰው ገብቶ ይያት፤ ወሬውን ያበዛው መሸሸጋችሁ ነው" ብለው ጸበል እንኳ ሳይረጩ ወጡ። በሳምንቱ እኔው ቤት ጽዋውን ባርከው ጠጡ። ሴቶቹም ተከትለው መጡ፤ እያንዳንዳቸው ግን አስቀድመው ሳጥኗን አይተው ነው የተቀመጡት።

እኔ ግን ያን ቀን ከሴቶቹ ይልቅ አንተ ነህ ያስጨነቅከኝ። እውነት እንዲህ ብለሃል? ለእህትህ የነገርከውን ለእኔ ለምን ደበቅከኝ? ሐሜት የምትፈራ ሴት አድርገህ ነው ያየኸኝ? ደግሞ እላለሁ፣ ባረፍክባት ጠዋት አልጋህን ወደ መስኮቱ እንዳዞርልህ ለምነኸኛል። እሷን ነበር የምታየው። እንድትጣል የሚፈልግ ሰው እንዲያ አያይም። ታዲያ እትዬ አትጠገብ ዋሹ ማለት ነው? የእንባቸው ነገር ደግሞ ውሸት አይመስልም። ወዲያና ወዲህ ስል ክረምቱ አለፈ።

እሷን ግን አዳንናት። መጀመሪያ ውሃውን ጥቂት በጥቂት እየቀነስኩ በአዲሱ ተካሁት። በጨለማ የከረመችን ፀሐይ እንዳይመታት በመስኮቱ ላይ ነጠላ ጋረድኩ፤ ሲሰነባብት ከሁለት እጥፍ ወደ አንድ፣ ከዚያም ገለጥኩት። ምግቡን የሰናፍጭ ፍሬ አሳክዬ፣ ደቅቆ እንዲታይ አድርጌ ከትፌ በእንጨት ጫፍ አፏ ላይ አኖርላት ነበር፤ መጀመሪያ ትተፋዋለች፤ በኋላ መያዝ ጀመረች። መንፊያውን ማን እንደያዘልኝ ብትጠይቀኝ፣ እትዬ አትጠገብ ናቸው። ዳዊታቸውን እየደገሙ ይነፉ ነበር። እኔም ሥራ ያለኝ መስዬ ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት። እሳቸውም ለምን እንደተቀመጥኩ ያውቃሉ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አፏ ገጠመ፤ እግሯ ድንጋዩን ነክሶ ያዘ። አንድ ጠዋት ከጣቶቿ ሥር ቀጭን ሻይ የመሰለ ቀለም አየሁ። ዓይኔን አላመንኩም። እትዬ አትጠገብን ጠርቼ ምን ይታይዎታል አልኳቸው፤ ያየሁትን ሳልነግራቸው። "ጠይም እየሆነች ነው" አሉና እልል አሉ። ዛሬ ቡናማ ናት። ወይን ጠጁ ጫፍ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ግን ይመጣል።

ባለፈው ሰሞን እትዬ አትጠገብ አጨዳው ሳይደርስባቸው ወደ ቡሬ ተመለሱ። መኪናው ድረስ ሸኘኋቸው። ስንሰነባበት አንገቴን ይዘው፣ "እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ቀድሜሽ ከሄድኩ አንዳርጌን አገኘዋለሁ። ያዘዝከኝን አላደረግሁም፣ ይቅር በለኝ እለዋለሁ" አሉኝ። ስሜያቸው አለቀስኩ።

አንዳርጌ፣ እስካለሁ ድረስ ስምህን ከአፌ፣ መልክህን ከዓይኔ አላጠፋም። ይህን ቃል ሰጥቼሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። እህትህ ቀድመውኝ ከመጡ አክብረህ ተቀበላቸው፤ የሚነግሩህን ሁሉ ግን ወዲያው አትመን። እኔ እስክመጣ ጠብቅ።

ያንተው ዘውድነሽ