የተዝካሩ ዕዳ የመጨረሻው ሠላሳ ስምንት ብር

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

ጉግሳ ዛሬ የባሌን ሁለት ጥርስ አወለቀ። በራችን ላይ፣ ልጆቹ እያዩ።

ወልዴ ከባቡር መጠገኛው ሥራ ጨርሶ ሲመጣ አሥራ አንድ ተኩል ሆኖ ነበር። ጉግሳ አጥሩን ተደግፎ ሲጠብቀው ቆይቷል። እኔ ስፌት ላይ ሆኜ በመስኮት አይቼዋለሁ። ወጥቼ ወልዴን መንገድ ላይ ማስጠንቀቅ እችል ነበር። አልወጣሁም። ይነጋገራሉ ብዬ ነው። ጉግሳ ግን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ በያዘው ዱላ አፉን አለው። ወልዴ በጉልበቱ ወደቀ። ጎኑ ላይ ደገመው። ልጄ ብርቄ ትንሽ ወንድሟን አቅፋ አልጋ ሥር ገባች።

"እስከ ቅዳሜ" አለ ጉግሳ። የተናገረው ለወልዴ ሳይሆን ለእኔ ነው። "ሠላሳ ስምንቱ ብር ቅዳሜ ካልመጣ መኪናዋን እወስዳለሁ። ውሉ ላይ አለች።"

እውነቱን ነው፣ አለች። የስፌት መኪናዬን በመያዣ ያስጻፈው ወልዴ ነው፣ እኔን ሳይጠይቅ። አባቱ የሞቱ ጊዜ ወንድሞቹ ከአገር ቤት "የአባታችን ተዝካር እንደ ድሃ ተዝካር አይወጣም" ብለው ላኩበት። እሱ ከተማ ያለ ደሞዝተኛ ነውና በሬውንም ጠጁንም እሱ ቻለ። ከእህል ነጋዴው ከአቶ ምስጋናው መቶ ሃምሳ ብር በአራጣ ተበደረ። ጉግሳ የአቶ ምስጋናው ሰው ነው። ድሮ ወታደር ነበር ይላሉ። አሁን ሥራው ይኸው ነው።

አሥራ አራት ወር ከፍለናል። ከፍለናል ስል ከፍያለሁ ማለቴ ነው። ወልዴ ደሞዙን ያመጣል፣ ከሱ ውስጥ ቁራጭ እየቆረጥኩ የማስቀረው እኔ ነኝ። ሰኔና ሐምሌ ትንሹ ታሞብን አዘገየን። ዱላው ለዚያ ነው።

ጣሳው ውስጥ ያለው፦ ሃያ ሦስት ብር ከስድሳ።
የሚጎድለው፦ አሥራ አራት ብር ከአርባ።
ደሞዝ፦ ገና ሦስት ሳምንት።

ወልዴ በጨው ውኃ ሲጉመጠመጥ ሳህኑ ሙሉ ደም ሆነ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ፊቱ አብጦ ሥራ ሄደ። ካልሄደ የቀኑ ይቆረጣል።

እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። ጠዋት የሚገዛ ሰው ለነጋዴው ነው የሚገዛው። ማታ ግን ነጋዴዋ ዕቃዋን ተሸክማ መመለስ አትፈልግም፣ ፀሐይም ቲማቲሙን አጥቅቶታል፣ በግማሽ ይለቁታል። ይህንን የተማርኩት ዕዳ ውስጥ ከገባን ወዲህ ነው።

የተገዛ፣ ከጣሳው ሳይሆን ከቤት ወጪው፦
ሽንኩርት፣ የተላላጠው፣ አሥር ሳንቲም
ቲማቲም፣ የፈነዳው፣ አምስት
ላምባ፣ ግማሽ ጠርሙስ፣ አሥራ አምስት
ዘይት አልገዛሁም። ያለው ይበቃል፣ ባይበቃም ይበቃል።

ጾሙ ረድቶኛል። ፍልሰታ በመሆኑ ሥጋና ቅቤ ጠፋ ብሎ የሚታዘበኝ ጎረቤት የለም። ጤፍ ከገዛን ዓመት አልፎናል፣ የማሽላ እንጀራ ለምደናል። ሳሙናውን በክር አራት ቦታ ቆርጬ በሳምንት አንዱን ብቻ ነው የማወጣው። የከሰሉን ትቢያ በጭቃ አድቦልቡዬ አደርቀዋለሁ፣ ይነዳል። ወልዴ በዚህ ያፍራል። አንድ ቀን በእንግዳ ፊት "ሚስቴ አመድም ቢሆን ትሸጣለች" አለ። እንግዳው ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም።

አሚና የወልዴን መመታት ሰምታለች። አሚና የመጋላ ሰፈር ሰው ናት፣ ስድስት ዓመት ሽንኩርት የምገዛት። "አቦ እታፈራሁ፣ ሪባ፣ ይኸ አራጣችሁ፣ ሐራም ነው ወላሂ" አለችኝ። "ያ ሰውዬ ገንዘቡን አይደለም የሚፈልግ። እናንተን ነው የሚበላ።" ሚዛኑ ላይ ሁለት ራስ ሽንኩርት ጨመረችልኝ፣ ያላየሁ መሰልኩ።

አሁን ደግሞ የማልኮራበትን ልጻፍ።

ወልዴ ሲገባ ለአረቄ ሽልንግ ስጪኝ አለ። ድዱ አላስቆም ብሎታል። የለም አልኩት። ጣሳው ውስጥ እንዳለ ያውቃል። "የኔ ጥርስ ነው የወለቀው፣ ያንቺ አይደለም" አለና በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ጣሳውን ሊያወጣ የከሰል ጆንያውን ሲጎትት የምሰፋላት የግሪኳ ማዳም የትራስ ልብሶች ስተኩስበት የነበረውን ካውያ አንስቼ ክንዱ ላይ አሳረፍኩት። ካውያው ውስጥ ፍም ነበረ። የሥጋው ሽታ እስካሁን ቤት ውስጥ አለ።

ጮኸ፣ ከዚያ ቁጭ አለ። ብርቄ እኔን አየችኝ እንጂ እሱን አላየችም። ከጥፊው ይልቅ ያ አመመኝ።

የቲማቲሙን ልጣጭ ቁስሉ ላይ አደረግሁለት። እጁን አላሸሸም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 7

ድል፦ ግሪኳ ማዳም አሥራ ሁለቱን የትራስ ልብስ ተቀበለችኝ። ከዚራ ሰፈር ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት። አንዱን ገልብጣ ስፌቱን በጥፍሯ ሞከረችው፣ ስድስት ብር ቆጠረችልኝ። የጉንጬን እብጠት አየች፣ ቦርሳዋን ዘጋች።

ሌላ ድል፦ በታኅሣሥ ማሽላ ርካሽ ሳለ አንድ ኩንታል ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። ያኔ ወልዴ "ነቀዝ ልትቀልቢ ነው" ብሎኝ ነበር። አሁን ክረምት ነው፣ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። የቀረውን ግማሹን ለጎረቤት በስምንት ብር ከሃምሳ ሸጥኩት። እስከ ደሞዝ የምንበላው ይሳሳል። ይሳሳ።

ሃያ ሦስት ከስድሳ፣ ስድስት፣ ስምንት ከሃምሳ። ሠላሳ ስምንት ብር ከአሥር ሳንቲም። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ልጆቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ።

ሳቄ የቆየው ወልዴ እስኪመጣ ነው። ኮቱን ሳነሳለት ከበደኝ። ውስጥ ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት አገኘሁ። የድሮ ሞረድ ነው፣ በሞተር ድንጋይ ስሎ ጩቤ አድርጎታል። መያዣው ላይ ሽቦ ጠምጥሞበታል። እጁ ጎበዝ ነው፣ ሥራው ያምራል።

"ይህ ለማን ነው?" አልኩት።

"ለጉግሳ።"

"ገንዘቡ ሞልቷል ወልዴ። ነገ እንከፍላለን።"

"ክፈይ" አለ። "ያንቺ ዕዳ እሱ ነው። የኔ ሌላ ነው።"

"አሥራ አራት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩትን በአንድ ቀን ልትደፋው ነው? አንተ ስትሰቀል እነዚህን በምን ላሳድጋቸው?"

"ልጆቼ አይተውኛል እታፈራሁ። በአራት እግሬ ሆኜ አይተውኛል።"

ጩቤውን ስጠኝ አልኩት፣ አልሰጠኝም። ነገ ገንዘቡን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ አልኩት። ጩቤውን መልሶ በጨርቁ ጠቀለለው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ቢወላገድ አይግረመኝ።

ወልዴ ጠዋት ሥራ ሲገባ በዓይኔ አይቼ፣ ቤቱን ሳሰናዳ ቆይቼ ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ ገንዘቡን በመቀነቴ ቋጥሬ የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻገርኩ። የሌሊቱ ጎርፍ ጎድሎ አሸዋው ላይ ጭቃና የሞተ ፍየል ትቶ ሄዷል። አሚና ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተከተለችኝ። ብቻሽን አትሄጂም አለች።

ጉግሳ የእህል መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። "ጌታው የሉም፣ ለኔ ስጪኝ" አለ።

"ውሉን ሳልቀበል አልሰጥም" አልኩት። ለእሱ ሰጥተው ሁለቴ የከፈሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ።

መቀነቴን ያዘ። ነከስኩት። ክንዱ ጨው ጨው ይላል። ቀኝ እጄን ይዞ የመሐል ጣቴን ወደ ኋላ አጠፈው። ቀጭ ሲል ሰማሁት፣ ሕመሙ የመጣው ዘግይቶ ነው። መሬት ላይ ጣለኝና በጉልበቱ ሆዴን ተጭኖ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ።

አሚና መጀመሪያ በኦሮምኛ ጮኸች፣ ከዚያ በሱማልኛ። ገበያው ሁለት እርምጃ ነው። ሽንኩርት ሻጮቹ ሴቶች መጡ፣ ከገጠር ወተት ይዘው የሚመጡትም በትራቸውን እንደያዙ መጡ። አሚና ከገበያ ይዛ የመጣችውን የሚዛን ብረት ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈችው። ጉግሳ ከላዬ ተንከባለለ። ከዚያ በኋላ ማን በምን እንደመታው አላውቅም። በትር፣ ድንጋይ፣ ጫማ። ዓይኑ ላይ ደም ፈሰሰ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ተነስቼ እኔም አንድ ጊዜ ረገጥኩት።

ሰዉ ገለል ሲል ወልዴን አየሁት። ቅዳሜ ሥራው ግማሽ ቀን መሆኑን ረስቼው ነበር። ጨርቁን ፈቶ ጥሎታል፣ ጩቤው በእጁ ነው። ወልዴ እየሮጠ አልነበረም። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሥራ እንደሚገባ ሰው።

አላሰብኩበትም። ጉግሳ ላይ በሆዴ ተኛሁበት። ጣቴን የሰበረው ሰውዬ ላይ።

"ተነሺ" አለ ወልዴ።

"አልነሳም።"

"እታፈራሁ፣ ተነሺ ብዬሻለሁ።"

"በኔ በኩል ነው የምታገኘው። ውጋ።"

ነጠላዬን ጎተተው፣ ተቀደደ። ጩቤው ትከሻዬን ጫረኝ። ጉግሳ ከሥሬ ያቃስታል። "እናቴ፣ እናቴ" ይላል እንደ ልጅ። ወልዴም ሰማው መሰለኝ። ቆመ። አሚና ከኋላ መጥታ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፣ "በቃህ ወንድሜ፣ በቃህ" አለችው። ብረቱ ወደቀ።

አቶ ምስጋናው ይኼኔ ከመጋዘኑ ወጡ። የሉም የተባሉት ሰውዬ ሁሉንም ከውስጥ ሲያዩ ነበር። "አርባ ስምንት ነው" አሉ፣ ከበሩ ሳይርቁ። "የነሐሴ ወለድ አለ።"

መቀነቴን ፈትቼ ሠላሳ ስምንቱን ብር የእህል ሚዛናቸው ላይ ዘረገፍኩት። ብሮቹ ላይ ደም አለ፣ የጃንሆይ ፊት ሳይቀር። "የተስማማነው ሠላሳ ስምንት ነው" አልኩ። "የከፈልኩትን ከነቀኑ ጽፌዋለሁ። ከፈለጉ እዚሁ በሰው ፊት አነብልዎታለሁ።" ሴቶቹን አዩ። ወልዴን አዩ። ገብተው ውሉን አመጡና "ተከፍሏል" ብለው ፈረሙበት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የፈረሙት ለሒሳቤ ይሁን ለዱላው አላውቅም።

እሑድ፣ ነሐሴ 9

ቅዳሴ አልሄድኩም። ሁለት ፖሊሶች በጠዋት መጥተው ወልዴን ወሰዱት። አልታገለም። ልጆቹን ሳመ፣ ጃኬቱን ለበሰ። ጩቤውን ትናንት እኛ ከሄድን በኋላ ከመጋዘኑ በር አንስተውታል።

ወጌሻው ጣቴን ጎትቶ በቀርከሃ አሰረው። ሃምሳ ሳንቲም ክፈይ አለኝ፣ ያለኝ አሥር ነው፣ አሥሯን ተቀበለ። ቤት ውስጥ ሳንቲም የሚባል የለም። ከተረፈችው ማሽላ ንፍሮ ቀቀልኩ።

ጉግሳ ሆስፒታል ነው። ግራ ዓይኑ አያይም አሉ። የአሚና ቦታ ባዶ ነው፣ ዘመዶቿ ጋ ገጠር ሄዳለች ይላሉ። ለኔ ብላ ነው። ውሉን አውጥቼ ሳየው ነበር የዋልኩት። አሥራ አራት ወር ይህን ቀን ሳስብ እንዲህ አልነበረም። አንድ ኪሎ ሥጋ ገዝተን፣ ልጆቹን አጥበን፣ በር ላይ ቁጭ ብለን ነበር የማስበው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 10

ከምሳ በኋላ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ በሩን አንኳኳች። የጉግሳ ሚስት ነኝ አለች። ግቢ አላልኳትም። እሷም ልግባ አላለችም።

"ባሌ አልከስም ይላል" አለች። "እናንተም ስለ ጣትሽ አትክሰሱ። ሽማግሌ ይግባበት። እሱ ከታሰረ እኛም አለቀልን።"

"ጌታው አይረዷችሁም?"

"ጌታው?" አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ ግን ፈገግታ አይደለም። "እኛም የሳቸው ዕዳ አለብን እኮ። ሲመታላቸው ነበር ከዕዳው የሚቆርጡለት። አሁን ባንድ ዓይኑ ማንን ይመታል?"

ልጇ ከጀርባዋ ያየኛል፣ አፍንጫው ፈሷል። ልጠላት ፈልጌ ነበር። ከንፍሮው አንድ እፍኝ በቅጠል ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሽማግሌ እንደምንቀበል ነገርኳት። ባሏ አሚናንም እንዳይከስ አስማልኳት፣ ማለች።

ወልዴ አሥር ሰዓት ላይ በዋስ ተለቀቀ፣ የመጠገኛው ባልደረባው ዋስ ሆኖት። ረቡዕ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እርቁ ከተያዘ ይቀልለታል ብለውታል፣ እርግጠኛ የሚሆን ግን የለም። ፊቱን ታጠበ፣ ሸሚዙን አወለቀ። ካውያው ያቃጠለው ቦታ ቅርፊት ይዟል። በግራ እጄ ቅባት ቀባሁት፣ እሱ የኔን ትከሻ አየ።

"ወልዴ" አልኩት፣ "ባልተኛበት ኖሮ ትወጋው ነበር?"

ሸሚዙን መልሶ ለበሰ።

"አላውቅም" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ "ስትተኚበት አንቺንም ልወጋ ነበር። ለቅጽበት። ይህን ልታውቂ ይገባል።"

አወቅሁት። ይህን ስጽፍ እሱ ልጆቹን ይዞ ደጅ ነው፣ ብርቄ ፈራ ተባ እያለች ጎኑ ቁጭ ብላለች። የማንም ዕዳ የለብንም። ከእሱ ጋር አንድ ቤት መኖሬን እቀጥላለሁ፣ ግን ዛሬ የምፈራው ከቅዳሜው ያነሰ ይሁን የበለጠ፣ ገና አልለየሁትም።