ክዳኑን ይዘው የተገነጠሉት

እሑድ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ ሲያትል፤ ካፊያ። የተገኙ፦ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ እህቴ የኔነሽ፣ ባሏ መሳፍንት፣ ሃያ የሚሆኑ እድርተኞችና እኔ።

ደስታነሽዬ፣ የኛ ሰፈር እድርተኛ በጥሩንባ ይጠራል፤ የዚህኛው በባቡር ይመጣል። ኮሚቴው በሙሉ ስብሰባው በሚደረግበት በቢከን ሂል ሰፈር ስለሚኖር «ያረፈደ የእድሩን ድስት ያጥባል» ብሎ ደንግጓል። እኛ የምንኖርበት ሾርላይን ሩቅ ነውና አጣቢዎቹ ሁልጊዜ የኛዎቹ ናቸው። ዛሬ መሳፍንት መረረው። «ኦኬ ጋሼ፣ ኮሚቴው ውስጥ ሰው ሳይኖረን ድስት አናጥብም! የራሳችንን እድር እናቋቁማለን!» ብሎ የድስቱን ክዳን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«እንግዲህ ወጡን በክዳኑ ሥሩ!» አሉ ጋሼ።

«እድሩ ከፈረሰ ማን ይቀብረናል?» አለች የኔነሽ።

ሱቅ ስኳር የተጠቀለለበት ያ የመጽሐፍ ቅዳጅ ትዝ ይልሻል? ሻይ ባሕር ውስጥ ስለደፉት አሜሪካኖች የሚያወራው? እሱን ነገርኳቸው። «እነሱም ነፃ ከወጡ በኋላ ተለያይተው መኖር ከበዳቸው። ስለዚህ መስኮት ዘግተው አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፉ፤ በአንዱ ምክር ቤት ለትንሹም ለትልቁም ግዛት ሁለት ሁለት ወንበር ሰጡ።»

እድርተኞቹ ሁሉ ይህን ተፈትነው ነው የአሜሪካ ዜጋ የሆኑት፤ ረስተውታል።

«አንቺ የት ተማርሽው?» አሉኝ ጋሼ።

«ሱቅ።»

ለየሰፈሩ ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሁለት ወንበር ጸደቀ። የማጠቡን አንቀጽ ግን ማንም አላነሳውም። መሳፍንት ድስቱን፣ እኔ ክዳኑን ታቅፈን በባቡር ተመለስን።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ ጠርዙ ላይ፦ እኔም አርፍጄ ነበርና ድስቱን አጠብኩ፤ ክዳኑንም ገጠምኩለት።