እግር ሳይታጠብ ግንብ አይታይም

ለውድ ወንድሜ ለቃለሕይወት፣ ሜልቦርን፤

ከምድር ዳርቻ ያለኸው ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትህ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይ? ኤልሳቤጥስ እንዴት ናት? ከሌሊት ሥራዋ ወደ ቀን ተዛወረች ወይስ አሁንም እንቅልፍ እንዳጣች ነው? ምስጋናና ይታገሱስ ደኅና ናቸው? ይታገሱ የፊት ጥርሱ ወልቆ የተነሳውን ፎቶ አይታ እማዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኛ የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ምንም አትልም። ባለቤቴ እንግዳው ገብሱን አጭዶ ከምሮታል። እኔም በአካሌ ደኅና ነኝ። በልቤ ግን ደኅና አይደለሁም፤ ያናደድኸኝም አንተ ነህ። ሰላምታው ለጊዜው እዚህ ላይ ይብቃ።

ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ አንተም ቆጣ ስል «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ማለት ታውቅበታለህ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልህ። ወረቀት አይቆራረጥም።

ባለፈው የላክኸውን መልእክት ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ምስጋና ትምህርት ቤት ግንብ ሥላ «በአባቴም አገር እንዲህ ያለ አለ» ብትል የክፍሏ ልጆች ሳቁባት አልህ። እኔም አብሬ ተናደድሁ። የፋሲልን ግንብ በዓይኗ አይታ፣ በእጇ ዳስሳ ትመለስ ማለትህ አኮራኝ። እስከዚያ ድረስ የጻፈው ወንድሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ብዕሩን የቀማህ መሰለኝ። «አንቺ የሆቴል ሰው ነሽና ለአራት ሰው ግንቦቹን ለማየት የሚመች ዋና ማረፊያ ምረጪልን፤ ጎንደር ይሻላል ወይስ ባሕር ዳር?» ትለኛለህ። ሙቅ ውሃ የማይጠፋበት፣ ዋይፋይ ያለው፣ ለልጆች መዋኛ ያለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ራቅ ያለ! ቃለሕይወት፣ አንተ እኮ የቄስ ልጅ ነህ። ማሕሌት እየሰማህ ነው ጡት የጣልኸው። ድምፅ ማጉያው ዛሬ ምን በደለህ?

ይሁን፣ ልጆቹ እንቅልፍ ያጣሉ ብለህ ነው ብዬ ላልፈው። ማለፍ ያቃተኝ የመጨረሻው ነው። «ላሊበላ ለመድረስ ጊዜ አይበቃንም፤ እማዬን በመኪና ይዘሻት ነይ፣ ለሁለት ቀን ክፍል እይዝላችኋለሁ» አልህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላላየችህ እናት ሁለት ቀን! የእማዬ ጉልበት እኮ ከቤት እስከ ቤተ ማርያም የሚያደርሳት ሁለት ጊዜ እያረፈ ነው። መኪናም አይስማማትም። ለዓይኗ ሕክምና ወልድያ የወሰድናት ጊዜ ጋሸና ሳንደርስ ነፍሷ ልትወጣ ነበር። ጎንደር ደግሞ ጋሸናን፣ ፍላቂትን፣ ደብረ ታቦርን፣ ወረታን አልፎ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። አንተ ባሕሩን ሁሉ ተሻግረህ ስትመጣ ያልከበደህ፣ ከጎንደር እዚህ ያለችው አጭር በረራ ከበደችህ? ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ወንድሜ።

አሁን የእኔንም ጥፋት ስማ። መልእክትህን ሳነብ እማዬ አየችኝና «ልጄ ምን አለ? አንብቢልኝ» አለች። የመጨረሻውን ዘለልሁት። «ለገና ሰሞን አገር ቤት እንገባለን» ያልኸውን ብቻ አነበብሁላትና ስልኩን ዘጋሁት። አንተን ቀስ ብዬ አግባብቼ ሐሳብህን አስቀይርሃለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ጊዜ አልሰጠችኝም። እልል ብላ ተነሳች፤ በማግስቱ እንግዳውን ግድግዳውን ሁሉ አስለቀለቀችው። እሱም ማታ እጁን እየታጠበ «ያ ወንድምሽ ይህ ጭቃ ሳይደርቅ ልቡን ይመልስ፤ አለዚያ እኔው ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለኝ።

ይህስ ቀላሉ ነው። የገና እንግዶቿን ታውቃቸዋለህ? በስልክ ስትነግርህ «ጎሽ» ብለህ ከማለፍ በቀር ጠይቀህ ስለማታውቅ ነው እንዲህ የምልህ። ልማዱማ የአገሩ ነው፤ ለገና በእግሩ የመጣ ሰው እግሩ ሳይታጠብ አያድርም። እማዬ ግን አንተ በሄድህ ዓመት ስለት አደረገችው። «እኔ የሰው ልጅ ብቀበል፣ የእኔን ልጅ ሰው ይቀበልልኛል» ብላ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከሙጃ ተራራ ለተራራ የሚመጡ ስምንት ሰዎች እሷ ቤት ያድራሉ። የሚመሯቸው ይማርሽ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። እማዬ የስምንቱንም እግር በእጇ ታጥባለች። ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ እኔ ልጠብልሽ ብላት አትሰማም፤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሳፋውን ወደ ራሷ ትጎትተዋለች። አንድ ጊዜ «በቃሽ፣ ስለትሽ ደርሷል፤ ልጅሽ ሥራ ይዟል፣ ወልዷል» ብላት «መች መጣ?» አለችኝ።

እና ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ለመጣ የሙጃ ሰው ምን ብላ ላከች መሰለህ? «ለይማርሽ ንገሩልኝ፤ ዘንድሮ ልጄ ከነልጆቹ ይመጣል፣ ቤቴ ሞልቷል። ሌላ ማደሪያ ፈልጉ፣ ቅር እንዳይላችሁ» አለች። በገና ሰሞን ላሊበላ ላይ ማደሪያ ከየት ይመጣል? ሕዝቡ እኮ ሜዳውን ሞልቶ ነው የሚያድረው። እነ እማማ ይማርሽ በዚያ ዕድሜያቸው ብርድ ሊመታቸው ነው። የእማዬ ቤት ባዶውን፣ ተለቅልቆና ጉዝጓዝ ተጎዝጉዞለት ሊያድር ነው። እናትህም በር በሩን ስታይ ልታነጋ ነው። ይህ ሁሉ አንተ መዋኛ ስላማረህና እኔ እውነቱን ለመናገር ስለፈራሁ።

ለጠየቅኸው ግን መልስ አልነፍግህም፤ በሥራዬ አልታማም። አሥራ አራት ዓመት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሜ የስንቱን ቱሪስት ጉዞ አቃንቻለሁ። ባሕር ዳርን ተወው። ሐይቁ ሸጋ ነው፤ ነገር ግን ለግንብ ከዚያ ተነስቶ ጎንደር ደርሶ መመለስ ቀኑን መንገድ ላይ መጨረስ ነው። ልጆቹ የሚያዩት ግንቡን ሳይሆን የፊት ለፊቱን ወንበር ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ እደሩ፤ ከዚያ የፋሲል ግቢ በእግር ይደረሳል። አንዱን ቀን ለግቢው፣ አንዱን ለጥምቀተ ባሕሩና ለቁስቋም፣ አንዱን እንፍራዝ አጠገብ ኮረብታው ላይ ላለው ለጉዛራ ግንብ ስጡት። ሦስት ቀን ነው። የጎንደር ግንብ አይጠገብም ብለህ አራት አድርገው፤ አልከራከርህም። አንተ ግን አሥራ ስድስት ቀን ነው ያልኸኝ። ያን ጊዜ እዚያ በጋ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው ብለሃል። የቀረውን አሥራ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ተነክራችሁ ልትጨርሱት ነው? በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ በእናት ላይ ሲደርስ ግን ገና አሁን አየሁ።

ስለዚህ ምረጪ ብለሃልና መርጫለሁ። ዋና ማረፊያችሁ የእናትህ ቤት ነው። ግንቡን ከዚህ በአውሮፕላን ሄዳችሁ፣ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሙቅ ውሃ አለ፣ እሷው ታሞቀዋለች። ዋይፋይ የለም። መዋኛ የለም፤ ሳፋ አለ። ድምፅ ማጉያው በራችን ላይ ነው፤ በገና ዕለት እስኪነጋ አያርፍም፣ ልጆችህም ይስሙት። እነ እማማ ይማርሽን እኔ ቤት አሳድራቸዋለሁ፤ ከባለቤቴ ከእንግዳው ጋር ተስማምተናል፣ ለሙጃም ነገ እልካለሁ።

እምቢ ካልህ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውልና በራስህ አፍ ንገራት። እኔ ከእንግዲህ መልእክትህን እየቆረጥሁ አላነብላትም። ጠልቼህ አይደለም የተቆጣሁህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የናፈቀኝ ሰው ከጓዳዬ ማዶ መጥቶ ሆቴል ልደር ሲለኝ አንጀቴ ተቃጠለ፤ ይኸው ነው።

ይህን ስጽፍ እማዬ ገባች። «ለማን ነው?» አለችኝ፤ ለአንተ ነው አልኋት። «እንግዲያው የእኔንም ጻፊ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። አንተን ልጇን ጉንጭህን ደጋግማ ስማሃለች። ለኤልሳቤጥ፣ ልጄን በሰው አገር ያልጣልሽው ልጄ ሆይ፣ ክፉ አይንካሽ ብላሻለች በልልኝ። ለምስጋና የሣለችውን ግንብ ይዛልኝ ትምጣ ብላለች። ለይታገሱ ጥርሱ እስኪበቅል የሚበላው እርጎ ከአሁኑ ይጠራቀምለታል ብላለች። እንግዳውም ለሁላችሁ ሰላም ብሏል።

እኔ ልቀልድባት ብዬ «በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው እግር ምን አቧራ አለው?» ብላት «በምንስ ቢመጣ እግሩን የት ጥሎት ይመጣል?» አለችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለች። የዚያ አገር ልጆች እግር ለብ ያለ ውሃ ነው የሚችለው ወይስ ሞቅ ያለ? ጠይቂ ብላኛለችና ጠየቅሁህ። መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፤ ለእሷ ንገራት።

እህትህ ሸጌ
ላሊበላ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.