አንድ ጭብጥ አረንጓዴ ጭቃ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ

ይድረስ ለአንተ፣ ዓይንህ ላፈር!

አይ፣ ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም። ይድረስ ለውድ ባለቤቴ። እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ከጆሯቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ጆሯቸውም የሚያስቸግራቸው መስማት የማይፈልጉት ነገር ሲነገር ብቻ ነው። እኔም ደህና ነኝ። አንድ ጥርሴን አስነቀልኩ። ከኋላ ስለሆነ ስስቅ አይታይም፤ ደግሞስ ማን አስቆኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ለምን እንደማልነግርህ ታውቀዋለህ። በወር አንዴ ትደውላለህ። "ደህና ነሽ?" ትለኛለህ፣ "ደህና ነኝ" እልሃለሁ፣ "እናቴን አቅርቢልኝ" ትላለህ፣ አቀርባለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህችው ተኖረ። ስልኩን ለእናትህ ከሰጠሁ በኋላ ግን ከአጠገባቸው ርቄ አልሄድም። ድስት የምፈትግ መስዬ ድምፅህን አዳምጣለሁ። ባለፈው ስታወራ ሁለት ጊዜ አሳለህ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያ ሳል ከጆሮዬ አልወጣም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የልብስ ሰፊዋ የበኩር ልጅ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ገልባጭ መኪና ይነዳል። ኩርባ ባየ ቁጥር ስለሚነፋ ጓደኞቹ ጡሩምባ ብለውታል። ማዕድኑን ከዚህ ጭኖ የሚያራግፈው አንተ ጀልባ ከምትጠግንበት ወደብ ነው። በቀን አርባ መኪና በደጃፌ አልፎ ወደ አንተ ይመጣል። ተራራችን እንዳለ ተነስቶ ወደ አንተ እየሄደ ነው፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንዳንድ ቀን ጡሩምባ ሲያልፍ "ልሳፈር?" ብዬ ልጮህ አፌ ላይ ይደርስና መልሼ እውጠዋለሁ።

መንደሩን ብታየው አታውቀውም። ማዕድን ቆፋሪዎቹ የሚፈልጉት ኒኬል ያለው ከሥር ስለሆነ የላዩን ቀይ አፈር ይገፉታል፤ የተገፋው ደግሞ ነፋስ ባገኘ ቁጥር እኛ ላይ ያርፋል። የልብስ ሰፊዋ ነጫጭ ዶሮዎች ቀይ ሆነዋል። ልብስ አጥቦ ማስጣት ለአፈር ማበደር ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የነበረው ኮረብታ እንዳለ ተበልቶ አለቀ። ስለዚህ ፀሐይ ከድሮው ቀድማ ትታያለች፤ አውራ ዶሮው ግራ ገብቶት እሷ ከወጣች በኋላ ነው የሚጮኸው። ወጣቶቹ ቢጫ ቆብ ደፍተው ቁፋሮው ቦታ ይውላሉ፤ ማታ ሲመለሱ ከዓይናቸው በቀር ሁሉም አንድ መልክ ነው ያላቸው። ስልሳ ቤት ነበርን። አሁን ጭስ የሚወጣው ከሃያ ሁለቱ ነው። የምንጩ ውሃ ስለደፈረሰ በቦቴ ነው የሚመጣልን፤ ሰልፉ ላይ የሚወራውም ስለ ቤት ቁጥር ብቻ ሆኗል።

አዎ፣ ቁጥር። እኛም ተራችን ደርሶ ልንነሳ ነው። የዚህ ወር መጨረሻ ቅዳሜ ቤቶቹ ይፈርሳሉ፤ በዚያው ቀን ሜዳው ላይ የተሠሩትን የብሎኬት ቤቶች ቁልፍ ያስረክቡናል። የእኛ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው። ሳይጠይቁኝ አረንጓዴው ግድግዳዬ ላይ በቀይ ቀለም ጻፉት። ጭቃ አቡክቼ መረግኩበት። በማግስቱ መጥተው ደገሙት፤ እኔም ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን ቀለም ቀቢው "እናቴ፣ እባክዎ፣ እኔም አለቃ አለኝ" ብሎ ለመነኝ። አንጀቴን በላው፤ በሩ ላይ እንዲጽፍ ፈቀድኩለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የምታውቀውን ጭምር ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ፤ የማታውቀው ከመሃሉ ስላለ ታገሰኝ።

መንደሩ በሙሉ በቀይ አፈር ሲመርግ የእኛ ቤት ብቻ አረንጓዴ ነበር። አፈሩን እናትህ ከጓሯችን ገደል ሥር ያወጡታል፤ አንተ ጭድ እየቀላቀልክ ታቦካለህ፤ እኔ እመርጋለሁ። እናትህ ደግሞ ጭቃውን በአንድ እጃቸው ጭብጥ አድርገው ይፈትኑታል። የጣታቸውን ምልክት ይዞ ከቀረ ደርሷል፣ ከተሰነጠቀ ውሃ ይጨመርበታል። መጨረሻ ላይ ከበሩ መቃን በላይ ያለችው ቦታ ትቀራለች። እኔ ስለማልደርስባት አንተ ነህ የምትዘጋት፣ በየዓመቱ "አጭር ሴት አግብቼ" እያልክ።

ከዚያ ያ ድንጋይ አጥኚ፣ ባለመዶሻው መጣ። አንተ ማዕድን ፈላጊ መጥቶ ያፈናቅለናል ብለህ ቤት ለቤት እየዞርክ "ለመንገደኛ ውሃ ስጡ፣ አፈር ግን አታሳዩ" የምትልበት ጊዜ ነበር። ደጃፋችን ቆሞ ውሃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ግድግዳውን ዳሰሰና "ማን ነው እንዲህ ያሳመረው?" አለ። "የእጄ ሥራ ነው" አልኩት እየተኩራራሁ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። እኔ ልብሴን ላጥብ ወደ ምንጩ ወረድኩ፣ እሱም አመስግኖ የሄደ መሰለኝ። ለካ አፈራችንን አረንጓዴ ያደረገው ኒኬሉ ኖሯል፤ ሦስት ወር ሳይሞላ መቆፈሪያው ማሽን ስንቱን ቤት አልፎ መጥቶ የእኛ ጓሮ ተተከለ። ያ ሁሉ ሰው ሳቀብህ። "ምን አልሽው?" ብለህ ጠየቅከኝ፤ ያልኩትን ነገርኩህ። "በአንቺ አፍ መንደር ፈረሰ" አልክና መጋዝህንና መላጊያህን ይዘህ ወጣህ።

እኔም አመንኩህ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በዚያች በአንዲት ኩራቴ ይህ ሁሉ ሰው እንደተፈናቀለ አምኜ ስድስት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ። "ተመለስ" ብዬ ያልጠራሁህ ጠልቼህ እንዳይመስልህ። የበደለ ሰው በምን አፉ ይጠራል?

ባለፈው ሐሙስ ለቤቱ ልመዘገብ ወደ ማዕድኑ ቢሮ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ።

"እናቴ፣ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?"

"ሦስት።"

"እነማን?"

"እኔ፣ አማቴ፣ ባለቤቴ።"

"ባለቤትዎ አሁን የት ናቸው?"

"ወደብ። ጀልባ ይጠግናል።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንግዲህ በርክክቡ ቀን ሦስታችሁም በአካል መገኘት አለባችሁ። በቦታው የሌለ ሰው አይቆጠርም። ሁለት ከሆናችሁ የሚሰጣችሁ ባለ አንድ ክፍል ነው" አለችኝ።

"ይገኛል" አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ምላሴ ነው ያለው።

ማኅተም እስክትመታ ድረስ ግድግዳው ሥር ያለውን የመስታወት ሣጥን ማየት ጀመርኩ። ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ከያንዳንዱ ሥር ወረቀት አለ። ከመሃሉ አንዲት የደረቀች አረንጓዴ ጭቃ ተቀምጣለች፤ "የመጀመሪያው ናሙና" ይላል ወረቀቱ። በእጅ የተጨበጠች ናት። የጣቶቹ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሦስቱ ረጃጅም ናቸው፣ አንዱ ግን ግማሽ ላይ ይቆማል።

በመንደራችን ሌባ ጣቱን ማጭድ የቆረጠው ሰው አንድ ብቻ ነው። አንተም ታውቃቸዋለህ፤ ጡታቸውን ጠብተሃል።

ልጅቷ "አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። "የቤቴን ሰው አይቼ ነው" አልኳት።

እቤት ስደርስ ጭቃ አቦካሁና "እማማ፣ እስቲ ይፈትኑልኝ" ብዬ አቀረብኩላቸው። እንደ ልማዳቸው ጨበጡትና መሬት ላይ አስቀመጡት። እኔ ጭቃውን ሳይ እሳቸው እኔን ያዩኛል። ጆሯቸው እንጂ ዓይናቸው አልደከመም።

"አየሽው አይደል?" አሉኝ።

"አየሁት፣ እማማ።"

"አንቺ ምንጭ ከወረድሽ በኋላ ተመለሰ። 'እናቴ፣ እንዲህ ያለ አፈር ከተወለድኩ አላየሁም፤ እንዴት ነው የሚሠሩት?' አለኝ። እኔን ስለ እጄ ሥራ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አለ? ገደሉ ድረስ ወስጄ፣ እንዲህ ነው ብዬ ጨብጬ ሰጠሁት።" እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ጥሩ ጭቃ ምን እንደሚመስል ላሳየው ብዬ እኮ ነው።"

"ልጅዎ እኔን ሲወቅሰኝ ለምን ዝም አሉ?"

"ፈራሁ። ሚስቱን ያኮረፈ ሰው ይታረቃል፣ ይመለሳል አልኩ። እናቱን ካኮረፈ ግን በየት በኩል ይመለሳል? ዛሬ ነገ ይመጣል ስል፣ ዛሬ ነገ እነግረዋለሁ ስል፣ ይኸው..."

ተነስቼ ወጣሁ። ልዋሽህ አልችልም፣ ተናደድኩ። ሁለት ቀን ከ"እራት ቀርቧል" በስተቀር አላናገርኳቸውም። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ሲቆርሱ አየኋቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለስላሳውን ለእኔ እየሰጡ ጠርዙን እሳቸው ናቸው በዚያ ድዳቸው የሚያኝኩት። ምራቱን እንዲህ የሚወድ አማት የት አለ እል ነበር። ለካ ንስሐም ነበረበት። ከዚያ ውስጥ ፍቅሩ ስንቱ፣ ንስሐው ስንቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ መለየቱም ቀረብኝ። ለስላሳውን መልሼ ሰጠኋቸውና ጠርዙን በላሁ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ እሳቸው "ጨው አንሶታል" አሉ።

ይህን እንድጽፍልህ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። "አንቺ ጻፊ፣ እኔ ምስክሩን እልካለሁ" አሉኝ። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለችው ያች በዚያን ቀን የጨበጧት ጭቃ ናት። ቀስ ብለህ ፍታት፣ ትፈረፈራለች። ጣትህን በጣታቸው ምልክት ላይ አድርገው።

አንድ ነገር ልለምንህ። ስትመጣ ስለ አፈሩ እናትህን አንዲት ቃል አትጠይቃቸው። አርጅተዋል፣ የሚበቃቸውን ያህል ጠርዝ በልተዋል። እጃቸውን ሳምና ዝም በል። እኔን ግን ዝም እንዳትለኝ። ከአንተ የምጠብቃት አንድ ቃል አለች፤ ምን እንደሆነች ታውቃለህ፣ አላስተምርህም።

"ስትመጣ" እያልኩ ነው የጻፍኩት፣ "ከመጣህ" አላልኩም። ናፍቀኸኛል። ይኸው ጻፍኩት፤ በስልክ አልወጣልኝ ያለው ይህ ነበር። ከሥራ ስትገባ ጫማህን የምታራግፈው ነገር፣ ሾርባው ሲፈጅህ የምትቆጣው ነገር፣ እሱ ሁሉ ናፍቆኛል። እህል ውሃችን ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም።

ለርክክቡ ብለህ ብቻ እንዳትመጣ። ባለ አንድ ክፍሉም ለሁለት አሮጊቶች ይበቃል። ግን ሦስት ነን ብዬ ማኅተም ተመቶበታል፣ በስተርጅና ውሸታም አታድርገኝ። ጡሩምባ ረቡዕ ተራግፎ ሐሙስ ባዶውን ይመለሳል፤ ከጎኑ ወንበር አለ ብሎኛል። የዚህ ሐሙስ ቢያመልጥህ ሌላ ሐሙስ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቅዳሜ ግን የመጨረሻው ነው።

ቁጥሩን ልሸፍን ብዬ የጀመርኩትን ምርጊት ሳላቆም ቤቱን በሙሉ ዞርኩት። ልብስ ሰፊዋ "ለሚፈርስ ቤት ምርጊት? አበድሽ እንዴ!" አለችኝ። "አንቺስ ፊትሽን የምትታጠቢው ነገ ላይቆሽሽ ነው?" አልኳት። አረንጓዴ ሆኖ እንድታየው ፈልጌ ነው፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። አራቱም ግድግዳ አልቋል። የቀረችው ከመቃኑ በላይ ያለችው ቦታ ናት፤ ከሄድክ ጊዜ ጀምሮ ሳትመረግ ኖራለች፤ ክረምት ክረምት ጨርቅ እየወተፍኩባት ነው ያሳለፍኩት። ልብስ ሰፊዋ መሰላል አላት፣ ላውስሽ ብላኛለች።

አልፈልግም አልኳት። ጭቃው እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አልብሼ በርሜሉ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ እረጭበታለሁ።

ፈጣሪ ከባሕሩም ከመንገዱም ክፉ ይጠብቅህ፤ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ፤ እግርህ ወደ ቤትህ ይምራህ።

አጭሯ ሚስትህ