ጉድለት የሌለበት ምዘና

ሰኞ፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ወገዳ

ዛሬ ለግብርና ባለሙያዎቼ የሥራ አፈጻጸም ምዘናቸውን ሰጠኋቸው። የጻፈልኝ ስልኬ ላይ ያለው ኤአይ ነው፤ እኔ መፈረም ብቻ። ከባለሙያዎቹ አንዷ፣ ይታይሽ፣ የራሷን አነበበችና «ጋሼ፣ ይኼን እርስዎ አልጻፉትም» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ጉድለቴ የለበትማ!»

የድሮ አለቃዬ አቶ ደምሴ ትዝ አሉኝ። ምዘና ሲደርስ በእግራቸው ቀበሌ ይወርዱና ከቅዳሴ በኋላ ገበሬዎቹን ስለ እኔ ይጠይቁ ነበር። አንዴ «ገበሬውን ሳያዳምጥ ምክር ይጀምራል» ብለው ጻፉብኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። ማዳመጥ የለመድኩት ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ወረቀቱ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

የይታይሽን በእጄ ልጽፍላት ብዕር አነሳሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አብሬያት ማሳ አልወረድኩም። የቱን ጉድለቷን ልጻፍ?