የትርንጎ አራተኛ ጠርሙስ

ረቡዕ

ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ነው የምጽፈው። የደብሬን ደብዳቤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ደብሬ የባለቤቴ እኅት ነበረች። ቡሬ እኛ ቤት ተቀምጣ ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት ማንም ሳያውቅ ከእሷ ደብተር ነው፤ ገበያ ወይ ውኃ ስትወርድ እየገለጥኩ። አንድ ቀን፣ ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው የሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት እንዳለፈች የሚናገር ደብዳቤ መጣ። በሕይወቴ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። አራስ ነበርኩ፤ ከእሷ ሌላ ውኃ የሚቀዳልኝ አልነበረም። አንብቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ክረምቱን ሙሉ «ደብዳቤ አልመጣም?» እያለች ጠየቀች። በዓመቱ ተዳረች። ባሏን ተከትላ ወለጋ ወረደች፤ ዛሬ ትኑር አትኑር አላውቅም። ባሌም ሳያውቅ ሞተ።

ይህን ያስነሳብኝ መምህር ደሳለኝ ነው፣ ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየኝ። የክልሉ ተማሪዎች የሳይንስ ዐውደ ርእይ ዘንድሮ እዚህ ፍኖተ ሰላም ነው። «እትዬ ይታይሽ፣ ሴቶቹን ልጆች አብረው እያደሩ እርስዎ ቢይዙልን» አለኝ። እምቢ ማለት አልሆነልኝም። አንገቴ ላይ «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ባጅ አንጠለጠሉልኝ።

ፍራሽ ዐሥራ ሁለት። ባልዲ አራት፣ አንዱ ያፈስሳል። ብርድ ልብስ ይጎድላል። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው።

ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ገቡ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር የአዴቶቹ ገና አልደረሱም።

ሐሙስ

የአዴቶቹም ደረሱ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጆቹ ሥራቸውን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። አንዷ ከካርቶን መብራት ሠርታለች። ሌላዋ ውኃ የሚያጣራ ባልዲ አምጥታለች። ከቡሬ በታች ካለ ገጠር የመጣችው ትርንጎ ግን በቆሎ የሞላ አራት ጠርሙስ ነው ያመጣችው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለቆየ ከክፍሏ በዕድሜ ትበልጣለች። በየጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጥፋለች፤ አነበብኳቸው። አመድ። የብሳና ቅጠል። ጤፍ የተቀላቀለበት። አራተኛው «ምንም ያልተጨመረበት» ይላል። ውስጡ ነቀዝ ይርመሰመሳል፤ ዱቄቱ ከታች ተከምሯል።

የዱርቤቴዋ ልጅ አየችና፣ «አንቺ፣ ነቀዝ ይዘሽ ነው የምትወዳደሪው? እኛ ጎተራ ብትመጪ እኮ አንደኛ ነሽ!» አለቻት።

«የእናንተ ነቀዝ ሰነፍ ነው» አለች ትርንጎ። «የእኔ ቀን ከሌት ይሠራል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከጎጆዋ ነቀዝ የበላው እህል ይዛ እንግዳ ፊት ልትቆም! መድኃኒቱ ለአራተኛው ሳይደርሳት ቀርቶ ነው ብዬ አዘንኩ።

ልጆቹ ለገለጻ ልምምድ ወደ ክፍል ሄዱ። መምህር ደሳለኝ በበሩ ብቅ ብሎ «ነገ ከባሕር ዳር እንግዶች አሉ፤ አቧራ እንዳይታይ እትዬ» አለኝ። ጠራረግኩ። ከዚያ አራተኛውን ጠርሙስ በነጠላዬ ሸፍኜ ቤቴ ወሰድኩት፤ ከአጥሩ ማዶ ነው። በወንፊት ነፋሁ። የተበሳውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅሜ ለዶሮ በተንኩት። ጠርሙሱን አጥቤ ከራሴ ንጹሕ በቆሎ ሞላሁት። ወረቀቱን እንደነበረ ለጠፍኩ። አራቱንም በነጭ ጨርቅ ሸፈንኳቸው።

እንዳታፍር ብዬ ለእሷ አልነገርኳትም። ደስ ብሎኛል። ለአንዲት ልጅ አንድ ነገር አደረግኩ።

ዓርብ

ምን ብዬ ልጻፍ።

ዳኞቹ በጠዋት መጡ። ልጆቹን ገና ከቁርስ ሲነሡ ነው በቀጥታ በየጠረጴዛቸው ያቆሟቸው። ሰብሳቢዋ መምህርት ስንዱ የሚባሉ ሽበት ያላቸው ሴት ናቸው፤ ረጋ ያሉ። እኔ የውኃ ጆግ ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ።

ትርንጎ ጥሩ ተናገረች። «አራተኛው ምንም አልተጨመረበትም። የሦስቱ ሥራ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲተያይ ነው። ነቀዙን አብረን እንቁጠር» አለችና ጨርቁን ገለጠች።

በቆሎዬ እንደ ወርቅ ያበራል።

«የታለ ነቀዙ፣ የኔ ልጅ?» አሉ መምህርት ስንዱ።

ሌላው ዳኛ ሳቀ። «እንግዲህ ነቀዝ የሚጠፋው ምንም ባለመጨመር ነው ማለት ነው!»

ትርንጎ ጠርሙሱን አነሣች፣ ገለበጠች፣ ወረቀቱን አየች። መምህርት ስንዱ ደብተሯን ገለጡ፤ በየሳምንቱ የቆጠረችው በመስመር ተጽፏል። «ይህ ሁሉ ቁጥር ታዲያ ከየት መጣ?»

«ቆጥሬ ነው» አለች።

ደብተሯን ዘግተው አንድ ነገር ጽፈው አለፉ። «ተንኮል ካለበት ከውድድር ይወጣል» ሲሉ ሰማሁ። ከልጆቹ መካከል ሦስቱ ተመርጠው አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

ጆጉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወረቀቱን እኮ አንብቤው ነበር። እያንዳንዷን ፊደል።

ቅዳሜ

ትርንጎ እራት አልበላችም፤ ቁርስም። የዱርቤቴዋ ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ እንጀራ ትቆርስላታለች፤ ቀልዷ ሁሉ ጠፍቷል። በር ላይ ሆኜ ትርንጎ እንዲህ ስትል ሰማሁ፤ «ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩ። ምናልባት ወረቀቱን አቀያይሬ ይሆናል። ስቆጥርም ከመጀመሪያው ተሳስቼ እንደሆነስ?»

የገዛ ዓይኗን መጠራጠር ጀመረች። ይህን መቻል አቃተኝ።

ቤቴ ሄጄ ዶሮዎቹ የሚጭሩበት ቦታ ተንበረከክሁ። ከአፈሩ ውስጥ የተበሳ በቆሎ ለቀምኩ። እፍኝ አልሞላም። ይዤላት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ነቀዞቹስ?» አለች።

«ነፋኋቸው፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ያሳደግኋቸው እኮ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ አባቴ ይሄን ጣይው እያለኝ፣ አልጋ ሥር ደብቄ።» ልትስቅ ነበር መሰለኝ፤ ፊቷ ግን እምቢ አላት። «ለምን አልጠየቁኝም?»

የያዝኩትን ፍሬ ዘረጋሁላት። አንድ አነሣችና ቀዳዳውን አየች። «ይሄ ማስረጃ አይሆንም። ይጻፉልኝ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

መምህር ደሳለኝ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ምን ነካሽ?» አለኝ፤ አንቺ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ቀጥሎም፣ «ዳኞቹ በቃል አይቀበሉም። ቢጻፍም እንኳ አዝናላት ነው ይሉ ይሆናል፤ አብራት የምታድር ሴት ነሽ» አለኝ። ውጤቱ ሰኞ ጠዋት ይነገራል።

እሑድ

ቅዳሴ ቆምኩ፤ ምንም አልሰማሁም።

ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጀመርኩ። «እኔ አመልካች» ብዬ ስጀምር ራሴን የምከላከል እየመሰለኝ ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ ስለ ልጅቷ ጎበዝነት በዛብኝ፤ መምህር ደሳለኝ እንዳለው አዝኜላት የጻፍኩ ይመስላል። ሦስተኛው ላይ ቃሉ ጠፋኝ። የማመልከቻ አማርኛ አላውቅበትም። እኔ የምጽፈው እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

ሐሙስ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። ወንፊቱ፣ ዶሮው፣ ነጩ ጨርቅ፣ ሁሉም በዕለቱ ተጽፎ ይገኛል፤ ደስ ብሎኛል ያልኩት ሳይቀር። ምን እንዳበላሸሁ ሳላውቅ የጻፍኩት ነው። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለኝም። አንድ ቀን ብቻ ቀድጄ ብሰጥ ግን ትናንት የተጻፈ ነው ይላሉ። ከረቡዕ፣ ከደብሬ ደብዳቤ ጀምሮ መሆን አለበት።

ይመኑት አይመኑት አላውቅም። ቢያምኑትም የጠፋው ነቀዝ አይመለስም። ትርንጎ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ጠርሙሶች ስትጠርግ አየኋት። አራተኛውን አልነካችውም። ሳልፍ «ጻፉት?» አለች። «ተጽፏል» አልኳት።

እነዚህን ገጾች ነገ ጠዋት፣ ውጤቱ ሳይነገር፣ በአዳራሹ በር ላይ የሚቀበሉኝ የዳኞቹ ሰብሳቢ መምህርት ስንዱ ናቸው።