እልልታ ከልካይዋ ሲስተር

የኔዋ አስካለ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እንዴት ሰነበትሽ ልበል? ሌላ ሰላምታ አላውቅም። እኛ ደህና ነን። ይህችን «ደህና ነን» ለመጻፍ ግን እስከ ዛሬ ፈርቼ ቆየሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ። መኝታ ቤቱ ላይ ያፈስ የነበረው ቆርቆሮ ተደፍኗል። መኪናችን ሴይቼንቶዋ ዛሬም ታክሲ ናት፤ የግራ በሯ ዛሬም ከውጭ ካልሆነ አልከፈትም ይላል። ሲጋራውን ተው እንዳልሽኝ አልተውኩም። የአዋላጅነት ምስክር ወረቀትሽ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ጎን እንደተሰቀለ ነው። የማዋለጃ ቦርሳሽን ግን ሰጥቼዋለሁ፣ አትቆጪኝ። የሰጠሁት ለዘነበች ነው፤ ተማሪ ሳለች በየምጥ ቤቱ ይዘሻት ለምትዞሪያት ለዚያች ዝምተኛ ልጅ። ጨርሳ አዋላጅ ነርስ ሆናለች፤ እዚሁ ኮልፌ ክሊኒክ ተመድባለች። ሰፈሩ «ትንሿ ሲስተር» ይላታል። ትልቋ ማን እንደነበረች መቼም አይጠፋሽም።

ልጃችን ተዋበች አረገዘች። ባሏ ለሥራ ጅማ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ እናት ግን የለችም። አማቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ቀራንዮ እሳቸው ቤት ትውለድ ብለው ያዙ። «እናት በሌለችበት ቤት ማን ሊያርሳት ነው?» አሉኝ። እኔ አርሳታለሁ ስላቸው ሳቁብኝ። እኔ ግን የቀራንዮ ጭቃ በሐምሌ መኪና እንዴት እንደሚውጥ ስለማውቅ እምቢ አልኩ፤ እዚህ ዘነበች ቅርብ ናት፣ አስፋልቱም ቅርብ ነው። ተከራክሬ አሸነፍኩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእኔ አንገት ላይ ሆነ ማለት ነው።

ያንን ደንብሽን ታስታውሻለሽ? ኮልፌ በገባን በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ልጅ እግር ሴት ወልዳ፣ ሕፃኑ እንዳለቀሰ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ግር ብሎ ገባ፤ ገሚሱ ሕፃኑን ሊያይ፣ ገሚሱ ገንፎውን ሊያገነፋ። አንቺን ከአልጋው ገፍተው አራቁሽ። ከብርድ ልብሱ ሥር ደሙ ሲወርድ ማንም አላየም። ተጋፍተሽ ስትደርሺ ሴትየዋ አልፋለች። ከዚያ ወዲህ እንግዴ ልጁ ሳይወጣ፣ አንቺም የወላዷን ሆድ ዳብሰሽ ማህፀኗ መጠንከሩን ሳታረጋግጪ በአንቺ ፊት እልል ያለች ሴት የለችም። ሰፈሩ ተቀየመሽ፤ «እልልታ ከልካይዋ ሲስተር» ብሎ ስም አወጣልሽ። እኔም እየጠራሁሽ አበሽቅሽ ነበር።

እኔ ሁልጊዜ ውጭ መኪናው ውስጥ ነኝ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሲጋራ እለኩሳለሁ፤ ሲጋራው ሲያልቅ እልልታው ይመጣል። ምጥ የማውቀው እንደዚያ ነው።

ተዋበችን ምጥ የያዛት ቀን ከምሳ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ሴቶቹ ሳሎኑ ውስጥ «ማርያም ማርያም» ይላሉ። የአጥራችን ጎረቤት እትዬ ነፊሳ ደግሞ ጥግ ይዛ በራሷ ዱዓ ታደርጋለች፤ አራቱንም ልጆቿን ያዋለድሽላት አንቺ ነሽ፣ እንዴት ትቀራለች። እኔ ግቢው ውስጥ ከሴይቼንቶዋ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሕፃኑ አለቀሰ። በመስኮቱ አያለሁ፤ ወይዘሮ ድንቅነሽ ብድግ ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ነፊሳ ዘላ አፋቸውን ያዘች። «ገና ነው! ሲስተር አልፈቀደችም!» አለች። የትኛዋን ሲስተር ማለቷ እንደሆነ እንጃ። ከመቃብርም ሆነሽ ትከለክያለሽ ብዬ ብቻዬን ሳቅ አልኩ፤ ሲጋራዬንም ለኮስኩ።

ሲጋራው አለቀ። እልልታ የለም።

ሁለተኛውን ልለኩስ ብል ክብሪቱ እጄ ላይ ይሰበራል። «ማርያም ማርያም» የሚለውም ድምፅ ቆመ። እትዬ ነፊሳ የተጠቀለለ ጨርቅ ይዛ በጓሮ በር ወጣች። እንዳላይ በሻሿ ልትሸፍነው ሞከረች። አየሁት፣ አስክዬ። ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር።

ከውስጥ የወይዘሮ ድንቅነሽ ድምፅ ተሰማ፤ «እትብቱን ሳቢው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላሉ። ቀጥሎ ዘነበች ጮኸች። ያቺ ልጅ ድምፅ እንዳላት ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። «ማንም አይነካትም! እማማ፣ ይውጡልኝ!» ወዲያው መስኮቱን ከፍታ «ጋሼ ተፈራ፣ መኪናዋን ያስነሱ፤ ከኋላ ብርድ ልብስ ያንጥፉ» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። ገና ልጅ ናት። ቦርሳው ያንቺ ነው፣ እጁ ግን ያንቺ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ ፈራሁ።

ሴይቼንቶዋ ዝናብ እንደማትወድ ታውቂያለሽ። አጉረመረመች፣ ጠፋች። ለመንኳት። በስንት መከራ ተነሳች። ከዚያ ሌላ ጭንቅ መጣ፤ ባጠፋት ዳግመኛ ላትነሳ ነው፣ ካላጠፋኋት ደግሞ በሞተሩ ጩኸት የውስጡን ድምፅ አልሰማም። ልጄ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ መሪ ይዤ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ድንቅነሽ በዝናቡ መጥተው የመኪናው መስኮት ላይ ቆሙ። «ቀራንዮ ትውለድ ብዬዎት ነበር፣ አቶ ተፈራ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ነው ደብዳቤ በሆዴ የጀመርኩልሽ፤ ይህን አይደለም፣ ሌላውን። «አደራሽን በላሁ» ከሚለው አላለፍኩም።

ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ እትዬ ነፊሳ ናት። ዘነበች መርፌ ወጋቻት፤ ሽንቷን አስወጣችላት፤ ሕፃኗን ጡቷ ላይ አደረገችላት፤ እጇን ከሆዷ ላይ ሳታነሳ ታሻታለች። «ተዋቡ፣ እኔን እዪኝ፣ እንዳትተኚ» እያለች አንዴም ዝም ሳትል ታወራት ነበር። ዝምተኛዋ ልጅ!

በሩ ተከፈተ። ዘነበች እስከ ክንዷ ደም ናት። በእጇ ሞተሩን ያጥፉት የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። መኪና የማያስፈልጋት የዳነችም የሞተችም ናት። ቁልፉን ማዞር አቃተኝ፤ እንደምንም አዞርኩት።

«እንግዴ ልጁ ወጥቷል» አለች። «ሙሉውን ነው የወጣው። ደሙም ቆሟል። አሁን እልል ማለት ይቻላል።»

እልል የሚል ጠፋ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። እትዬ ነፊሳ አሁን የራሷን አፍ ይዛ ቆማለች። ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ ደሙን ከክንዷ ትጠርጋለች። ይህን ሁሉ ጠብቀን ዝም ልንል ነው እንዴ? ስለዚህ እኔ አልኩት። አዎ፣ እኔ ባልሽ፣ ጭቃው መሀል ቆሜ፣ እልል አልኩ። ድምፄ የሴይቼንቶዋ ክላክስ ነው የሚመስለው። ለሴት ልጅ የሚገባው ሦስት ነው፤ እኔ ማን ያቁመኝ፣ ሴቶቹ እስኪቀበሉኝ ቀጠልኩ። ሰፈሩ ወንድ የተወለደ መስሎት እንኳን ደስ ያለህ ሊለኝ መጣ።

ተዋበች ብዙ ደክማ ነበር፤ አጥሚቱም፣ ክሊኒኩ የሰጣት ኪኒንም ረድቷት አሁን ፊቷ ወዟ ተመልሷል። ሕፃኗ ጡት ስትይዝ እንዳንቺ ግንባሯን ትቋጥራለች። እኛ ደህና ነን። ይኸው ጻፍኩት።

ባለፈው ሰሞን ቀራንዮ የወይዘሮ ድንቅነሽ ጎረቤት የሆነች አንዲት ሴት አማጠች። ዘነበችን ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ጭቃው እንደፈራሁት ዋጠንና ገፍተን ወጣን። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ሲጋራዬን ለኮስኩ። ከውስጥ አንዲት ሴት እልልታውን ገና ከመጀመሯ ሌላ ድምፅ አፈናት፤ «ገና ነው! ሲስተር ትፍቀድ!» የወይዘሮ ድንቅነሽ ድምፅ ነበር።

አስክዬ፣ ቃሌ ይህ ነው። ሴይቼንቶዋ እስከተነሳች ዘነበች ምጥ ቤት በእግሯ አትሄድም። እልልታው ለወላጆቹ ነው፤ ሕፃኑ ካለቀሰ በኋላ፣ ከእልልታው በፊት ያለችው ዝምታ ግን ያንቺ ናት። እኔም ውጭ ሆኜ በዚያች ዝምታ ውስጥ አስብሻለሁ።

ሾፌርሽ ተፈራ